ሬትሮሼር፦ ለተራራቁ የሰሜን ሸዋ መምህራን የሚሆን የጓደኛሞች የፋይል መረብ

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢትና መሐል ሜዳ ተበትነው የሚያስተምሩ መምህራን የፈተና ወረቀት፣ የላብራቶሪ ቪዲዮና ስካን የተደረገ ማጣቀሻ ሲለዋወጡ መንገዳቸው ወይ ቴሌግራም ነው ወይ ፍላሽ። የቴሌግራም ተራ ቻትና ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ (ላኪና ተቀባይ ብቻ የሚያነቡት) አይደለም፤ ፋይሉ የሚቀመጠው ኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ሚስጥራዊ ቻት የተባለው ደግሞ ለሁለት ሰው ብቻ የሚሆን ነው። ላልከፈለ ተጠቃሚ አንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም። ገና ያልተሰጠ ፈተና በዚያ በኩል መሄዱ ተገቢ አይመስለኝም። ፍላሹ ደግሞ የአንዱን ትምህርት ቤት ቫይረስ ለሌላው ያደርሳል።

ሬትሮሼር የተባለው ሶፍትዌር ለዚህ ዓይነት ማህበር የተሠራ ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች እጅ እያደገ የመጣ ሲሆን በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ላይ ይሠራል። መሐል ላይ የተቀመጠ ሰርቨር የለም፤ ስልክ ቁጥር የሚጠይቅ ወይም በየወሩ የሚያስከፍል አካልም የለም። ፋይላችሁ የሚሄደው እናንተ አንድ በአንድ ለይታችሁ በተቀበላችኋቸው ጓደኞች ማሽኖች በኩል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ የፒጂፒ ቁልፍ (ማንነቱን የሚያረጋግጥ ዲጂታል ቁልፍ) ይኖረዋል፤ በሁለት ማሽኖች መካከል ያለው መስመርም ቲኤልኤስ በተባለው የምስጠራ ዘዴ ይመሰጠራል። ከፋይል ሌላ ቻት፣ የውስጥ ኢሜይል፣ ፎረምና ቻነል አለው።

ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ሶፍትዌሩ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ከአባላቱ ቢያንስ የአንዱ ማሽን ሌትና ቀን የሚሠራና ከውጭ የሚደረስ ካልሆነ፣ ሬትሮሼር የጫነ ሰው ሁሉ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ቴሌግራም ይመለሳል። ብዙው ሰው የሚሰናከለውም ሶፍትዌሩ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

መጫኑ ቀላል ነው። ፋይሉን ከራሱ ከሬትሮሼር ድረ ገጽ አውርዱ፤ ከሌላ ሰው ፍላሽ የተገኘ አትጫኑ። መጀመሪያ ሲከፈት ፕሮፋይል ፍጠሩ ይላል፦ ስም፣ ፓስወርድና የማሽኑ መጠሪያ ይጠይቃል። ፕሮፋይሉ እናንተ ናችሁ፤ ማሽኑ ደግሞ ኖድ ይባላል። አንድ ፕሮፋይል በቤት ዴስክቶፕና በላፕቶፕ ላይ ሁለት ኖድ ሊኖረው ይችላል። ቁልፉ ሲፈጠር ማውሱን አንቀሳቅሱ የሚለው ለጨዋታ አይደለም፤ ቁልፉ በቀላሉ የማይገመት እንዲሆን የሚያስፈልገውን የዘፈቀደ መረጃ የሚያገኘው ከዚያ ነው። ፓስወርዱን ከረሳችሁ የሚመልስላችሁ ማንም የለም። ስለዚህ በዚያው ቀን ፕሮፋይሉን ኤክስፖርት አድርጋችሁ ቤት በሚቀመጥ ፍላሽ ላይ አኑሩ። ላፕቶፑ ቢበላሽ ያንን ፋይል በአዲስ ማሽን ላይ አስገብታችሁ በቀድሞው ማንነታችሁ ትቀጥላላችሁ፤ ካልያዛችሁት ግን ሁሉም ጓደኛ እንደ አዲስ ሰው ሊቀበላችሁ ይገባል።

ጓደኛ ማስገባት የሁለት ወገን ሥራ ነው። በመነሻው ገጽ ላይ የሚታየውን የሬትሮሼር መለያ ኮፒ አድርጋችሁ ትልኩለታላችሁ፣ እሱም የራሱን ይልክላችኋል፤ ሁለታችሁም የሌላውን ካላስገባችሁ ግንኙነት የለም። «አስገብቼሃለሁ፣ አይገናኝም» የሚለው አቤቱታ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። መለያው ሚስጥር ስላልሆነ በቴሌግራም ቢላክ ችግር የለውም። መሐል ላይ ሌላ ሰው የራሱን እንዳይተካ ግን የቁልፉን አሻራ በድምፅ አረጋግጡ። አሻራው ቁልፉን ከሌላው የሚለይ 40 ፊደልና ቁጥር ነው፤ ስልክ ደውሎ አራት አራቱን እያነበቡ ማመሳሰል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ድምፁን የምታውቁት ሰው ሲያነብላችሁ የተሰማው አሻራ ከማንኛውም ማረጋገጫ ይበልጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል። በሞባይል ዳታ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ የአደባባይ አይፒ አድራሻ (ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት ቁጥር) የለውም፤ ብዙ ደንበኞች አንድ አድራሻ ይጋራሉ። ከውስጥ ወደ ውጭ መደወል፣ ማለትም ግንኙነት መጀመር፣ ይችላል፣ ከውጭ ግን ማንም ሊደውልለት አይችልም። ሁለት ሰዎች ሁለቱም በዳታ ከገቡ ሬትሮሼር ዩዲፒ በተባለው የመላኪያ መንገድ አቋርጦ ለማገናኘት ይሞክራል፤ አንዳንዴ ይሳካል፣ ብዙ ጊዜ ግን አይታመንም። አንዱ የተከፈተ ፖርት (ከውጭ ግንኙነት የሚገባበት በር) ካለው ችግሩ ያበቃል፤ ሌሎቹ ሁሉ ወደ እሱ ይደውላሉ።

ስለዚህ ማዕከል የሚሆን አንድ ኖድ ምረጡ። ቤት ውስጥ መደበኛ ብሮድባንድ ያለው የደብረ ብርሃን አባል ለዚህ ይመቻል። ከተማው ከፍ ብሎ ብርዳም ስለሆነ ሌትና ቀን የሚሠራ ማሽን አይግልም፤ ቆላ ሸዋ ሮቢት ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ግን አየር የሚያገኝበት ቦታና ፋን ይፈልጋል። ከሁሉ በፊት የዚያ ቤት መስመር እውነተኛ የአደባባይ አድራሻ እንዳለው አጣሩ። የራውተሩን ገጽ ከፍታችሁ ዋን (WAN፣ የውጭው መስመር) የሚለው ሥር ያለውን አድራሻ አንብቡ፤ ከዚያ አይፒ አድራሻ የሚያሳይ ማንኛውንም ድረ ገጽ ክፈቱ። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ደህና ነው። ራውተሩ ላይ ያለው በ10 ወይም በ192.168 የሚጀምር፣ ወይም ከ172.16 እስከ 172.31፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ግን አድራሻው የጋራ ነው፤ ፖርት ብትከፍቱም ከንቱ ድካም ነው። በዚህ ጊዜ ያላችሁ ምርጫ ሦስት ነው፦ ከአገልግሎት ሰጪው የአደባባይ አድራሻ መጠየቅ፣ ትንሽ ሰርቨር መከራየት፣ ወይም ማዕከሉን አድራሻን በሚሰውረው የቶር መረብ በኩል ስውር ኖድ አድርጎ መፍጠር። ቶር የፖርት ጣጣ የለበትም፤ ሌሎቹ አባላትም ቶር ሊኖራቸው ይገባል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ለጽሑፍና ለፒዲኤፍ ይበቃል፤ ለቪዲዮ አልመክርም።

አድራሻው ትክክል ከሆነ በሬትሮሼር የኔትወርክ ገጽ ላይ ኖዱ የሚሠራበትን የፖርት ቁጥር አንብቡ። ራውተሩ ዩፒኤንፒ (ፕሮግራም ፖርት እንዲያስከፍት የሚፈቅድ ቅንብር) ከበራለት ፖርቱ በራሱ ሊከፈት ይችላል፤ እኔ ግን በእጅ መክፈትን እመርጣለሁ፣ ራውተሩ ተነስቶ ሲመለስ አይረሳምና። በራውተሩ የፖርት ፎርዋርዲንግ ገጽ ላይ ያንኑ ቁጥር ለሁለቱም የመላኪያ መንገዶች፣ ለቲሲፒም ለዩዲፒም፣ ወደ ማዕከሉ ማሽን አስተላልፉ። በዚያው ቦታ ለማሽኑ ቋሚ የውስጥ አድራሻ ስጡት። ይህን የዘለለ ሰው መብራት ጠፍቶ በመጣ ማግስት ይቸገራል፤ ማሽኑ ትናንት 192.168.1.5 ከነበረ ዛሬ 192.168.1.7 ይሆናል፣ ፖርቱም ባዶ ቦታ ላይ ያመላክታል። ዊንዶውስ ፋየርዎል ይፈቀድ ወይ ብሎ ሲጠይቅም ለሁለቱም የኔትወርክ ዓይነት ፍቀዱ። ሙከራውን ከዚያው ቤት ዋይፋይ ላይ አታድርጉ፤ ብዙ ራውተር ከውስጥ ወጥቶ ወደ ራሱ የሚመለስን ጥሪ ስለማያስተናግድ ያልሠራ ይመስላል። ላፕቶፑን በስልክ ሆትስፖት አገናኝታችሁ ሞክሩ።

ሌላው የመብራት ጣጣ የውጭው አድራሻ መቀየሩ ነው። ራውተሩ እንደገና ሲነሳ አዲስ አይፒ ይሰጠዋል፣ አባላቱ ግን የያዙት አሮጌውን ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ዲኤችቲ የተባለውን የአድራሻ መፈለጊያ በሁሉም ኖዶች ላይ ክፍት መተው፤ ማሽኑ ራሱ አዲሱን አድራሻ ያፈላልጋል። ዋጋው ግን ኖዳችሁ በዓለም ላይ ካሉ የዲኤችቲ ማሽኖች ጋር ስለሚነጋገር አይፒው ለእነሱ መታየቱና ያለ ሥራም ትንሽ ዳታ መብላቱ ነው። ሁለተኛው፣ ለማዕከሉ ተለዋዋጭ ዲኤንኤስ ስም (አይፒው ቢቀየርም የማይቀየር ስም) አውጥታችሁ በኖዱ ቅንብር ላይ ማስገባትና ዲኤችቲን መዝጋት ነው። ለተዘጋ የመምህራን ማህበር ሁለተኛው ይሻላል፤ የጓደኛ ዲስከቨሪውን ግን አትዝጉት፣ የጋራ ጓደኛ ያላቸው አባላት አንዱ የሌላውን አድራሻ የሚሰሙት በእሱ ነው።

የማዕከሉ ማሽን ትልቅ መሆን የለበትም። አሮጌ ላፕቶፕ ከ15 እስከ 25 ዋት፣ ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተባለው ትንሽ ኮምፒዩተር ደግሞ 5 ዋት አካባቢ ይጠቀማል። ያለ ስክሪን የሚሠራው የሬትሮሼር ዓይነት ለዚህ ይሆናል። ራውተሩ 10 ዋት ቢወስድ ሁለቱ አንድ ላይ 15 ዋት ናቸው። 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የሆነ የዩፒኤስ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር 42ቱን ብቻ ቁጠሩ፤ ከብክነቱ ጋር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያቆያል። ከዚያ የማይረዝም የመብራት መቋረጥ ያሻግራል ማለት ነው።

ፋይል ማጋራቱ ላይ ስንመጣ፣ ለእያንዳንዱ ፎልደር ሦስት ማብሪያ ማጥፊያ አለ፦ ጓደኞች ዝርዝሩን ያዩት ዘንድ፣ በፍለጋ ስም ሳይገለጥ እንዲገኝ፣ ስም ሳይገለጥም እንዲወርድ። የመጀመሪያውን ለአንድ የጓደኞች ቡድን ብቻ መወሰን ይቻላል። ሁለቱ ስመ ስውር ማብሪያዎች ግን ፋይሉን ከጓደኛ ወደ ጓደኛ በሚዘረጋ ዋሻ በኩል ለጓደኛችሁ ጓደኛም ያደርሳሉ። ይህ ጥቅምም አደጋም አለው። ጥቅሙ፣ መሐል ሜዳና ሸዋ ሮቢት ያሉት ሁለቱም በዳታ ገብተው በቀጥታ መገናኘት ባይችሉ ፋይሉ በደብረ ብርሃኑ ማዕከል አልፎ ይደርሳል፤ የማዕከሉ መስመር ግን ይጨናነቃል። አደጋው፣ ከአባላቱ አንዱ ከማህበሩ ውጭ ያለ ሰው ጓደኛ ቢያደርግ ያ ሰው በስመ ስውር የተከፈተውን ሁሉ ፈልጎ ማውረድ ይችላል። ስለዚህ ለፈተና ፎልደር እነዚህን ሁለቱን ዝጉ። ፈተናው መጀመሪያ ወደ ማዕከሉ ይወረድ፣ ከማዕከሉ ደግሞ ለቡድኑ ብቻ ይታይ። በዚህ አሠራር የማዕከሉ ባለቤት ሁሉን ያያል፤ ይህንን አባላቱ አውቀው መስማማት አለባቸው።

ሬትሮሼር ፋይልን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን ከይዘቱ በሚሰላ፣ ሃሽ በሚባል መለያ ነው። ስሙን ብትቀይሩ ያው ፋይል ነው፤ ውስጡ አንድ ፊደል ብትቀይሩ ግን ሌላ ፋይል ይሆናል፣ የድሮው ሊንክም ወደ ድሮው ያመራል። አዲስ ፎልደር ስታስገቡ መጀመሪያ ሁሉንም ያነባል፤ 100 ጊጋባይት ያለው ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 60 ሜጋባይት ቢነበብ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቆሟል ብላችሁ አትዝጉት።

ከዚህ ሃሽ የሚገኝ ትልቅ ጥቅም አለ። 1 ጊጋባይት ፋይል በ512 ኪሎቢት የአፕሎድ መስመር አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ 100 ጊጋባይት በዚህ መስመር ከ18 ቀን በላይ ነው። የመጀመሪያውን ጥርቅም በኢንተርኔት አትላኩት። በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገልብጡና በጣርማ በር በሚያልፈው የመሐል ሜዳ አውቶቡስ ላይ ለሚሳፈር አባል ስጡት። ተቀባዩ ፎልደሩን ወደ ራሱ ማጋሪያ ሲጨምር ሃሹ አንድ ስለሆነ መረቡ ወዲያው እንደ ሁለተኛ ምንጭ ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አባል ሲያወርድ ከደብረ ብርሃንም ከመሐል ሜዳም በአንድ ጊዜ እየቆራረጠ ይወስዳል። ዲስኩን በፋት32 አትቅረጹት፣ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ኤክስፋት ይሁን።

የአማርኛ ስም ያላቸው ፋይሎች ላይ ትኩረት የሚሹ ሁለት ነገሮች አሉ፤ የእንግሊዝኛ መመሪያዎች አይነግሯችሁም። አንደኛው ርዝመት ነው። የግዕዝ ፊደል አንዱ ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል ኮድ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ሊኑክስ ላይ የፋይል ስም ጣሪያው 255 ባይት ስለሆነ ከ85 ፊደል ያለፈ ስም በራስፕቤሪ ፓዩ ላይ ሊቀመጥ አይችልም። ዊንዶውስ ላይ በደህና የኖረ ረጅም ርዕስ ያለው ሰነድ ማዕከሉ ላይ ሲደርስ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ከ60 ፊደል እንዳያልፍ አድርጉ። ሁለተኛው ፍለጋ ነው። ሶፍትዌሩ የሚያመሳስለው ፊደልን በፊደልነቱ ስለሆነ «ስነ ህይወት» ብሎ የፈለገ «ሥነ ሕይወት» ተብሎ የተቀመጠውን አያገኝም። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን የተለያዩ ናቸው። መረቡ ከመጀመሩ በፊት የትምህርት ዓይነቶቹን አጻጻፍ በአንድ ገጽ ወስናችሁ ለሁሉም በትኑ፦ ለምሳሌ «ባዮሎጂ 11 ምዕራፍ 3 2017 ዓ.ም»። ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጻፉም ይጠቅማል፣ ከውጭ የወረዱ መጻሕፍት ያሉበት ፎልደር ውስጥ 2017 ሁለት ነገር ሊሆን ይችላልና።

የዳታ ፓኬጅ ለሚጠቀም አባል የፍጥነት ገደቡን ሳይወስን ሶፍትዌሩን መተው ገንዘብ ማባከን ነው። ዋሻዎቹ የሌላ ሰው ፋይል በእሱ መስመር ላይ ሊያሳልፉ ይችላሉ። በኔትወርክ ገጹ ላይ አፕሎዱን ወደ 10 ኪሎባይት በሰከንድ አውርዱለት፤ ማዕከሉ ላይ ደግሞ ከመስመሩ አፕሎድ ሦስት አራተኛ ያህሉን ስጡ። 1 ሜጋቢት ከሆነ 125 ኪሎባይት ስለሆነ 90 ላይ ገድቡት። ሙሉውን ከሰጣችሁት የቤቱ ሰው ድረ ገጽ መክፈት ያቅተዋል፣ ከዚያም ማሽኑን የሚያጠፋ ሰው አይጠፋም።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ በአንድ ዋይፋይ ላይ ያሉ ኖዶች እርስ በርስ መገናኘታቸውን ይቀጥላሉ። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት አባል ካለ ኢንተርኔት የሌለው ራውተር ብቻ ይበቃቸዋል።

ሬትሮሼርን የማልመክርበት ሁኔታ አለ። የምትፈልጉት ሁሉም አባል ዘንድ አንድ ዓይነት ፎልደር እንዲኖር ብቻ ከሆነ ሲንክቲንግ የተባለው ፎልደር አመሳሳይ ሶፍትዌር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ እንዲሁ ነፃና ኮዱ ክፍት፣ በቲኤልኤስ የሚመሰጥር ነው፤ የማሽኑ መለያ 56 ፊደልና ቁጥር ሲሆን እዚህም ሁለቱም ወገን መቀበል አለባቸው። ትልቁ ብልጫው፣ ሁለት ሰዎች በዳታ ገብተው በቀጥታ መገናኘት ሲያቅታቸው በበጎ ፈቃደኞች ማስተላለፊያ በኩል ያገናኛቸዋል፤ ማስተላለፊያው የተመሰጠረውን ብቻ ነው የሚያየው። ይዘገያል፣ ግን ማዕከል የማቆም ጣጣ የለም። ለአንድሮይድ የነበረው ዋናው አፕ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ቢቋረጥም ሌሎች የቀጠሉት ቅጂ ስላለ በስልክም ይሆናል፤ ሬትሮሼር ግን በዋናነት የላፕቶፕና የዴስክቶፕ ሰው ነው። የሲንክቲንግ አደጋው ማጥፋት ነው፦ አንዱ በስህተት ያጠፋው ፋይል ከሁሉም ዘንድ ይጠፋል። የባለቤቱን ፎልደር መላክ ብቻ፣ የሌሎቹን መቀበል ብቻ አድርጉ፤ የድሮ ቅጂ ማስቀመጫውንም አብሩ። 64 ጊጋባይት ያለው ስልክ የ200 ጊጋባይት ጥርቅም ሊሸከም እንደማይችልም አትርሱ። ሬትሮሼር ላይ ግን እያንዳንዱ ፈልጎ የሚያስፈልገውን ብቻ ያወርዳል፤ ቤተ መጻሕፍት ለሚመስል ጥርቅም የምመርጠውም በዚህ ነው።

ቅሬታዬ ገጹ ላይ ነው። ፎረሙ፣ ቻነሉ፣ ቦርዱ፣ ኢሜይሉ ሁሉም በአንድ መስኮት ተደርድሮ አዲስ ሰውን ግራ ያጋባል። ለጀማሪ አባል ሦስት ቦታ ብቻ አሳዩት፦ የጓደኞች ዝርዝር፣ ፋይል ማስተላለፊያና ፍለጋ። ሌላውን ጊዜ ያስተምረዋል።

ምስጠራው የሚሸፍነውም መስመሩን እንጂ ዲስኩን አይደለም። የወረደ ፈተና ላፕቶፑ ላይ እንደማንኛውም ፋይል ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ዲስኩን ለመመስጠር ዊንዶውስ ላይ ቢትሎከር ወይም ቬራክሪፕት፣ ሊኑክስ ላይ ሉክስ አብሩ፤ ራሱ የሚገባበትን አውቶ ሎጊን ደግሞ አጥፉ፣ በተለይ በትምህርት ቤት የጋራ ኮምፒዩተር ላይ። የአንድ አባል ላፕቶፕ ከተሰረቀ መሐል ላይ ሆኖ የሚዘጋለት አስተዳዳሪ የለም። እያንዳንዱ አባል የዚያን ሰው ኖድ ከራሱ ዝርዝር ላይ በእጁ መሰረዝ አለበት፤ ከማዕከሉ መጀመር ይሻላል፣ በዳታ የሚገቡት ሁሉ የሚደርሱት በእሱ በኩል ስለሆነ። ተሰራቂው በአዲስ ማሽን ላይ አዲስ ፕሮፋይል ከፍቶ አሻራውን በስልክ እያነበበ እንደገና ይገባል። ለዚህ ጊዜ የሚሆን የአባላቱ ስልክ ቁጥር ዝርዝር በወረቀት ይያዝ፤ ላፕቶፑ ላይ ብቻ ያለ ዝርዝር አብሮ ይሰረቃል።